የእናትሽ ሻንጣ የት ይፈታ?

«ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። የምንኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። ዘንድሮ ክረምት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ትመጣለች። ነሐሴ ላይ 11 ሌሊት አለን፤ በራሳችን መኪና ደቡብ ፈረንሳይን ልናሳያት አስበናል። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ኒስ 3 ሌሊት፣ ኤክስ 2፣ ማርሴይ 1፣ አርል 1፣ አቪኞን 2፣ ካርካሶን 2። ባለቤቴ ግን ይሄ ሁሉ መንከራተት ምን ያደርጋል፣ ኮረብታ ላይ ካሉት መንደሮች በአንዱ መዋኛ ያለው ቤት ተከራይተን አርፈን እንቀመጥ ይላል። የ13 ዓመቷ ልጄ ባሕር ከሌለ አልሄድም ብላለች። ትንሹ 5 ዓመቱ ነው፤ ውኃ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። እማዬ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ፍልሰታንም ትጾማለች። ምን ትፈልጊያለሽ ስላት ‹እናንተ ደስ እንዳላችሁ› ከማለት ሌላ መልስ የላትም። የት ብናርፍ ይሻላል? — የሁለት ልጆች እናት»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቦታዎቹ ሁሉ የሚታዩ ናቸው፣ አንዱም መጥፎ አይደለም። ግን ቁጭ ብዬ አልጋ ቆጠርኩ። ስድስት አልጋ፣ በ11 ሌሊት።

ይሄን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት እኔም እናቴን ይዤ እዚያው አገር ዞሬያለሁ። በ9 ሌሊት 5 ሆቴል ቀያየርን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ «ልጄ፣ ዛሬስ ሻንጣዬን ልፍታው ወይስ ልተወው?» አለችኝ። ተይው አልኳት። ከዚያ በኋላ አልፈታችውም። መቁጠሪያዋን፣ የመድኃኒት ከረጢቷንና የሌሊት ልብሷን ከሻንጣው የፊት ኪስ እያወጣች፣ ጠዋት ደግሞ እዚያው እየመለሰች ከረመች። ዛሬ ስለ ፈረንሳይ ሰው ሲጠይቃት የምታወራው ስለ መኪናው ነው። እንዴት እንደሞቃትና ስንት ጊዜ እንደወረደችና እንደተሳፈረች። ያን ሁሉ ያየነውን ነገር አታነሳውም። እኔንም እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

አልጋ የመቀየር ቀን ምን እንደሚመስል እንየው። ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ከክፍሉ ትወጫለሽ። የሚቀጥለው ቤት ቁልፍ የሚሰጥሽ ከ9 ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። መሃል ላይ አምስት ሰዓት ያህል ቤት የለሽም። ነሐሴ ነው፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ሻንጣው ሁሉ መኪና ውስጥ ነው፤ ቱሪስት የሚበዛበት ቦታ ላይ ደግሞ ዕቃ የሞላ መኪና ትተሽ መሄድ ልብ አያሳርፍም። ልጁ ሽንት ቤት ይላል፣ እናትሽ ጥላ ይፈልጋሉ። ስድስት አልጋ ማለት እንዲህ ያለ ቀን አምስት ጊዜ ማለት ነው። ከኒስ እስከ ካርካሶን ደግሞ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር ሁለት አልጋ ነው። ከዚያ አይለፍ።

የትኞቹ ሁለት? እዚህ ላይ አብዛኞቻችን የምንሳሳተው ካርታ ዘርግተን ማየት የምንፈልገው ነገር ሁሉ መሃል ላይ ነጥብ ማድረጋችን ነው። እኔ አሁን የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ሌላው ሲወጣ ቤት የሚቀረው ማነው? እሱስ ያን ቀን እንዴት ይውላል? በእናንተ ቤት የሚቀሩት እናትሽ ናቸው፣ አንዳንዴም ከትንሹ ጋር። እሳቸው ሰው ሳያስቸግሩ በእግራቸው ወጥተው፣ ደልዳላ መንገድ ላይ ሄደው፣ ዳቦ ገዝተው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው መመለስ የሚችሉበት ቦታ ከተገኘ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል። «እናንተ ደስ እንዳላችሁ» ያሉትን እንደ መልስ አትቁጠሪው። የእናቶቻችን ጨዋነት ነው። መልሳቸው ጉልበታቸውና ጾማቸው ላይ አለ።

ጾሙን ላስቀድም፤ የት ማረፍ እንዳለባችሁ ግማሹን የሚወስነው እሱ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ይገባል። የሚፈሰከው ነሐሴ 16፣ ኦገስት 22 ነው። ፈረንሳይ ገጠርና ትናንሽ ከተሞች ውስጥ ምግብ ቤት ምሳ የሚያቀርበው በእኛ አቆጣጠር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ነው። ከ8 ሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ ይዘጋል፤ እስከ ምሽቱ 1 ወይም 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ቡና ካልሆነ ምንም አታገኚም። እናትሽ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ልክ ሊበሉ ሲሉ አገሩ ሁሉ ተዘግቶ ይጠብቃቸዋል። ሆቴል ውስጥ ብትሆኑ እሳቸው ብስኩት ይዘው አልጋ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንቺም አንጀትሽ ይቃጠላል። ምድጃ ያለው ቤት የምልሽ ለዚህ ነው። ሽሮና በርበሬ ከሽቱትጋርት ይዛችሁ ሂዱ። አትክልቱን ለገበያው ተዉት፤ በነሐሴ የፕሮቫንስ ቲማቲም፣ ዝኩኒ፣ ደበርጃንና ቃሪያ ለጾም ወጥ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። አገሬውም በወይራ ዘይት አብስሎ ራታቱይ የሚለው እሱኑ ነው። ባጌት የሚሠራው ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከጨውና ከእርሾ ስለሆነ ይበላል፤ ክሯሳን ግን ቅቤ ነው። ታፐናድ የሚባለውን ጥቁር የወይራ ማባያ ጠይቃችሁ ግዙ። ሲያዩት ጾም ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አንቾቪ የሚባል ዓሣ ይገባበታል።

እንግዲህ ቦታው። ዋናውን አልጋ ሊል-ሱር-ላ-ሶርግ ላይ አድርጊው። አገሬው ባጭሩ ሊል ይላታል። ከአቪኞን በስተምሥራቅ፣ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ሶርግ የሚባለው ወንዝ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሆኖ ከተማዋን ይከባታል፣ መሃሏንም ይቆርጣታል። ውኃው ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው፣ ከታች የተኛው ሣር ሲወዛወዝ ይታያል። ድልድዮቹ አጠገብ በውኃ የሚዞሩ ትልልቅ የእንጨት መንኮራኩሮች አሉ፤ ድሮ የሱፍና የሐር ፋብሪካ ያንቀሳቅሱ የነበሩ ናቸው። አሁን አረንጓዴ ሽበት ለብሰው ውኃ እያንጠባጠቡ ቀስ ብለው ይዞራሉ። እናቴን በሁለተኛው ጉዟችን ወስጃት አንዱ መንኮራኩር ፊት ለፊት ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ እዚያው ናት። እንሂድ ስላት «ቆይ፣ እስቲ ትንሽ ልየው» አለችኝ። ትልቅ ሴት እንዲህ ስትል ደስ ይላል።

ከተማዋ ሜዳ ናት። የዚያን አገር መንደሮች ለምታውቅ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መሃል ላይ ኖትር ዳም ዴ ዛንዥ፣ የመላእክት እመቤት ማለት ነው፣ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ውስጡ በወርቅ የተለበጡ መላእክት ሞልተውበታል። የካቶሊክ ነው፤ ይግቡ አይግቡ እናትሽ ያውቃሉ። የእመቤታችን ስም ያለበት ደጅ በእግራቸው ቅርብ መሆኑ ግን በፍልሰታ ሰሞን ትንሽ ነገር አይደለም። በነገራችን ላይ ኦገስት 15 ካቶሊኮች የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩበት ቀን ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥም ብሔራዊ በዓል ነው። ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ በዋዜማው ገዝታችሁ ግቡ።

እሑድ ጠዋት ትልቅ ገበያ አለ፣ ሐሙስ ደግሞ ትንሹ። የእሑዱን ቀን ከውጭ የሚመጣው ሰው መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር ይውላል። እናንተ ግን ዘንቢል ይዛችሁ ከቤት በእግራችሁ ትወጣላችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውጡ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ መተላለፊያ አይኖርም። የካቫዮን ሜሎን የሚመጣው ከዚያው ከጎረቤት ነው። ሻጩ አንሥቶ እያሸተተ «ለዛሬ ነው ለነገ?» ብሎ ይጠይቅሻል፤ ልክ እንደኛ አገር አቮካዶ ሻጭ። ሙቀት ለማይችል ሰው ደግሞ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ቬለሮን አለች። እዚያ በነሱ በጋ (በኛ ክረምት) አመሻሽ ላይ፣ 12 ሰዓት ገደማ የሚከፈት የገበሬዎች ገበያ አለ። እናትሽን ከእሑዱ ግርግር ይልቅ እዚያ ውሰጃቸው።

ከሊል ሆነሽ የሚታየውን ሁሉ አልዘረዝርልሽም፣ ራስሽ ታገኚዋለሽ። ሁለት ቦታ ብቻ አይለፋችሁ።

አንደኛው ፎንቴን ደ ቮክሉዝ ነው፤ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሶርግ ወንዝ የሚወለደው እዚያ ነው። ትልቅ የድንጋይ ገደል ሥር ጉድጓድ አለ፣ ውኃው ከውስጥ ነው የሚመጣው። በፈረንጆቹ 1985 ሮቦት ልከው ሲለኩት 308 ሜትር ወርዶ ነው ታች የደረሰው። በነሐሴ ውኃው ስለሚጎድል ጉድጓዱ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ወንዙ ግን ትንሽ ወረድ ብሎ ከድንጋዩ ሥር እየፈለቀ ይሄዳል። መንገዱ ትንሽ ቀና ይላል፣ ግን ደረጃ የለውም፤ እናትሽ እያረፉ ይወጡታል። እናቴ ምንጩን ባየች ጊዜ አማትባ ዝም አለች። ጸበል ነው ያላት ማንም የለም። ስትመለስ ወንዙ ዳር ወርዳ ፊቷን ታጠበች፣ ጉልበቷንም አራሰች። ውኃው በረዶ ነው። ልጅሽና ባለቤትሽ ከዚያ በታንኳ ወደ ሊል አቅጣጫ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል መቅዘፍ ይችላሉ። ለትንሹ ግን ገና ነው።

ሁለተኛው ፖን ዱ ጋር ነው፣ በመኪና ሃምሳ ደቂቃ ያህል። የሮማውያን የውኃ ድልድይ ነው፤ ሦስት ፎቅ ቅስት፣ 49 ሜትር ገደማ ከፍታ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ከኡዜስ አካባቢ ወደ ኒም ከተማ ውኃ የሚወስደው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ወንዙን የሚሻገረው በእሱ ላይ ነበር። በዚያ ሁሉ ርቀት ቦዩ የሚወርደው 12 ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ለልጅሽ ንገሪያት፤ ሒሳብ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ከሥሩ ወንዝ አለ፣ ሰው ይዋኛል። የ5 ዓመት ልጅ ከ2,000 ዓመት ድልድይ ሥር ሲንቦጫረቅ ማየት ደስታ ነው። ከመኪና ማቆሚያው ያለው መንገድ ደልዳላ ነው። የውኃ ጫማ ግዙላቸው፣ ጠጠሩ እግር ይወጋል።

አቪኞንን በባቡር ሂዱ፤ መኪናውን እርሱት። ከፈረንጆቹ 1309 ጀምሮ የሮም ጳጳሳት የተቀመጡባት ከተማ ናት፣ ቤተ መንግሥታቸውም አለ፤ ግን ደረጃው ብዙ ነው። እናትሽና ትንሹ ኦርሎዥ አደባባይ ይቅሩ። እዚያ የሚሽከረከር የፈረስ መጫወቻ አለ፣ ጥላም አለ። የላቬንደር አበባን ደግሞ ለነሐሴ አታስቢው። አብዛኛው ማሳ ሐምሌ ላይ ታጭዷል፤ ያን ያህል መንገድ ተነድቶ የሚታየው የተላጨ መሬት ነው።

አሁን ባሕሩ። የልጅሽን ነገር ቀላል አታድርጊው፤ በ13 ዓመት «አልሄድም» ማለት ያለ ነው፣ ግን ተሸንፋ መኪና ውስጥ የምትቀመጥ የ13 ዓመት ልጅ ለሁላችሁም ከባድ ናት። ከሊል ባሕር ደርሶ መልስ የሚቻል ነው፤ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ከዚያም በላይ አንድ መንገድ። ግን ተቃጥሎ፣ አሸዋ ለብሶ፣ ተርቦ ያን መንገድ መመለስ የባሕሩን ደስታ ያጠፋዋል። ስለዚህ ሦስት ሌሊት ባሕር ዳር እደሩ፤ ሁለተኛው አልጋ እሱ ነው።

ኒስ አላልኩሽም። ኒስን እወዳታለሁ። መኪና ለሌለው ሰው ከኒስ የተሻለ ማረፊያ የለም፤ አንቲብ፣ ቪልፍራንሽ፣ ሞናኮ፣ ማንቶን ሁሉም በባሕሩ ዳር ባቡር ይደረሳል። የሽምብራ ቂጣቸው ሶካም የጾም ነው። ግን የባሕር ዳርቻዋ ድቡልቡል ድንጋይ ነው፣ ለትንሹም ለእናትሽም አይመችም፤ ደግሞም ከሌላው መንገዳችሁ ሩቅ ናት። ሌላ ጊዜ፣ አንቺና ባለቤትሽ ብቻችሁን ሂዱባት። ያኔ የሻጋልን ሙዚየም እዩ። ከኦሪት ዘፍጥረትና ዘጸአት የተሳሉ ትልልቅ ሥዕሎች አሉበት።

የኔ ምርጫ ሴንት-ማሪ-ደ-ላ-ሜር ናት። ስሟ ሲተረጎም የባሕሯ ቅዱሳት ማርያሞች እንደማለት ነው። ሮን ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት ካማርግ የሚባለው ረግረግ ዳር ያለች ከተማ ናት። ሜዳ ናት፤ ዳርቻዋ አሸዋ ነው፣ ውኃው ሩቅ ድረስ ጥልቀት የለውም። ልጅሽ ባሕሯን ታገኛለች፤ ትንሹም ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ይውላል። ወደ ሰሜን አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፖን ደ ጎ የሚባል የአእዋፍ ጥብቅ ቦታ አለ። እዚያ ፍላሚንጎዎች በመቶ እየሆኑ በቅርብ ይታያሉ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ።

ለእናትሽ ደግሞ ይቺን ከተማ የመረጥኩበት ሌላ ምክንያት አለ። መሃሏ ላይ ምሽግ የሚመስል አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። በአገሬው ትውፊት ከጌታ ዕርገት በኋላ የያዕቆብ እናት ማርያምና ሰሎሜ ሸራም መቅዘፊያም በሌለው ጀልባ ተጭነው እዚህ ባሕር ዳር ደርሰዋል። እናትሽ እነዚህን ስሞች በትንሣኤ ሌሊት ሲነበቡ ያውቋቸዋል፤ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው ክፍል ደግሞ ሣራ የምትባለው ሐውልት አለች። መልኳ ጥቁር ነው፤ ልብስ በልብስ ላይ ደርበው ያለብሷታል። ድሮ ጂፕሲ ይባሉ የነበሩት የሮማ ሕዝቦች ጠባቂያችን ናት ይሏታል፤ በየዓመቱ ሜይ 24 ከየአገሩ መጥተው ተሸክመው ወደ ባሕሩ ያወርዷታል። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ በሻማው ብዛት ይሞቃል፣ ጣሪያው በጢስ ጠቁሯል። እናቴ እዚያ ለረጅም ጊዜ ቆማ ፊቷን አየቻት። ስትወጣ «ይቺ የኛ ትመስላለች» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ወደ ታች የሚወስዱት ደረጃዎች ጥቂት ናቸው፣ ክንዷን ይዤ አወረድኳት።

ሁለት ችግር አልደብቅሽም። አንደኛው ትንኝ ነው፤ ካማርግ ረግረግ ነው፣ ምሽት ላይ አያስቀምጥም። የሚቀባ ነገርና ረጅም እጅጌ ያዙ። ሁለተኛው ባሕሩ ዳር ዛፍ የለም፤ ጃንጥላ ግዙ። ሚስትራል የሚባለው የሰሜን ነፋስ ከተነሣ ግን ጃንጥላውም አይቆምም። ያን ቀን ቀትሩን ክፍላችሁ ውስጥ ተኝታችሁ ማምሻውን የካማርግን ፈረሶች ሂዱና እዩ።

ቅደም ተከተሉ ባሕሩ መጀመሪያ ይሁን። ምክንያቱ ቅዳሜ ነው። በነሐሴ እዚያ አገር ቤት የሚከራየው በአብዛኛው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው፤ ሰባት ሌሊት። ስለዚህ ማክሰኞ ከሽቱትጋርት ውጡና ቦን ከተማ እደሩ፤ የጀርመኗን አይደለም፣ ፈረንሳይ ውስጥ ያለችውን (Beaune)። እስከዚያ ግማሽ መንገድ አልፋችኋል፣ አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ አልጋ ብዬ አልቆጠርኩትም፣ የሌሊት ልብስና ጥርስ ብሩሽ ለየብቻ ያዙና ሻንጣው መኪናው ውስጥ ይደር። ረቡዕ ሴንት-ማሪ ትገባላችሁ። ሦስት ሌሊት። ቅዳሜ ጠዋት ስትነሡ ሊል ሁለት ሰዓት አትሞላም፤ መንገድ ላይ አርል አለችላችሁ። ቅዳሜ የአርል ትልቁ ገበያ ነው። የሮማውያኑ ስታዲየምም እዚያው መሃል ከተማ ነው፤ 20,000 ሰው ያህል ይይዝ የነበረ፣ እስከ ዛሬ የሚያገለግል። ሻንጣ ከውጭ እንዳይታይ አድርጋችሁ፣ ጠባቂ ያለው ማቆሚያ ውስጥ መኪናውን ተዉት። ከሰዓት በኋላ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ቅዳሜን በዚህ መንገድ ስታውሉት ከሊዮን ወደ ደቡብ የሚወርደውን የበዓል ሰልፍም ታመልጣላችሁ፤ የነሐሴ ቅዳሜ ያ አውራ ጎዳና አይነዳበትም። ስትመለሱ ግን ቅዳሜ መሆኑ አይቀርም፤ ጎህ ሳይቀድ ውጡ።

ኤክስ፣ ማርሴይና ካርካሶን ቀሩ ማለት ነው። እንደሚከፋሽ አውቃለሁ። ከሦስቱ አንዱን መመለስ ካለብሽ ማርሴይን ለአንድ ቀን መልሺያት። ሐረር የኖረው ፈረንሳዊ ገጣሚ ራምቦ እግሩን ታሞ ተመልሶ በፈረንጆቹ 1891 የሞተው እዚያ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የሐረሩን የራምቦ ቤት ያየ ሰው የመንገዱን ሌላ ጫፍ ቢያይ ይወዳል። ካርካሶንን ግን ተያት፣ መንገዱ አይመጥንም።

ስለ ባለቤትሽ። ሐሳቡ ግማሹ ትክክል ነው፤ አርፎ መቀመጥ የሚለው። ኮረብታው ነው ችግሩ። ጎርድ ወይም ቦንዩ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ልብ ይሰርቃሉ። ግን መኪና ከታች ይቆማል፣ ቤቱ ከላይ ነው፣ መሃሉ ደረጃና ድንጋይ ነው። እናትሽ አንዴ ከወጡ አይወርዱም። ለአንድ ማምሻ ውሰደን በዪው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የጎርድ ድንጋይ ማር ይመስላል። መዋኛውን ግን ሊል ዙሪያም ያገኛል። ፈረንሳይ ውስጥ ለግል መዋኛ የደኅንነት መሣሪያ በሕግ ግዴታ ነው፤ ሕጉ ግን በማንቂያ ደወልም ይረካል። የ5 ዓመት ልጅ ይዛችሁ ደወል አይበቃም። አጥር ያለው ይሁን፣ ፎቶውን ላኩልኝ ብላችሁ ጠይቁ።

ደብዳቤሽ በጥር መምጣቱ ጥሩ ነው፤ የነሐሴ ቤት አሁን ነው የሚያዘው። ከመክፈልሽ በፊት ባለቤቱን በጽሑፍ ጠይቂ። ምድር ቤት ላይ መኝታ አለ ወይ? ሽንት ቤቱስ እዚያው ፎቅ ላይ ነው? ከመንገዱ እስከ በሩ ስንት ደረጃ አለ? ዳቦ ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? «ቅርብ ነው» ካለሽ አትቀበይ፣ በደቂቃ ይንገርሽ። አንሶላና ፎጣ ይጨምራል ወይ ብለሽም ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ ተከራይ ነው ይዞ የሚመጣው። ኤር ኮንዲሽነር ከሌለ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የእንጨት የመስኮት መዝጊያ ያለው ይሁን። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አየር ይግባ ብዬ ቀን ሙሉ መስኮት ከፍቼ ክፍሉን ምጣድ አደረግኩት። አንዲት ጎረቤት አሮጊት እጄን ይዛ በምልክት አሳየችኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መስኮቱም መዝጊያውም ይዘጋል፣ ማታ ፀሐይ ስትገባ ሁሉም ይከፈታል።

የእናትሽ ቪዛ ሸንገን ከሆነ ለፈረንሳይም ይሠራል። ቪዛው ላይ ለአንድ አገር ብቻ ተብሎ እንዳልተጻፈ ግን እዪ። ዋናውን ፓስፖርት ይያዙ፣ ኮፒ አይበቃም። የመድኃኒታቸውን ማዘዣም ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ።

ቅዳሜ ማታ ሊል ስትገቡ፣ ልጆቹ ወደ መዋኛው ከመሮጣቸው በፊት፣ የምድር ቤቱን ክፍል ለእናትሽ ስጫቸው። ቁም ሣጥኑን ክፈቺላቸው፣ ባዶ ማንጠልጠያም አውጪላቸው። «እማዬ፣ ሻንጣሽን ፍቺው። እስከ ሚቀጥለው ቅዳሜ አንነሣም» በያቸው።